በዘንግ ላይ በእጅ መቆም፦ የልምምዱ ቅደም ተከተል ከፊዚክስ አንጻር

በእጅ መቆም ብዙዎቻችን በአካል ማጎልመሻ ትምህርት ክፍለ ጊዜ የሞከርነው እንቅስቃሴ ነው። በወለል ላይ ለግማሽ ደቂቃ ያህል በእጁ ሊቆም የሚችል ተማሪ ማግኘት ያን ያህል አያስቸግርም። ይህንኑ ተማሪ ግን ደግፈን በአግዳሚ ዘንግ ላይ በእጁ ብናቆመውና ብንለቀው፣ ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይሞላ ወደ አንዱ ወገን ይወድቃል። እጁ ያው እጅ፣ ክብደቱም ያው ክብደት ነው። ታዲያ የተለወጠው ምንድን ነው?

በዚህ ጽሑፍ ይህን ጥያቄ መነሻ አድርገን፣ የጂምናስቲክ አሠልጣኞች በዘንግ ላይ በእጅ መቆምን የሚያስተምሩባቸው ልምምዶች ለምን በዚያ ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ ለማየት እንሞክራለን። አሠልጣኞቹ ቅደም ተከተሉን ያገኙት በፊዚክስ ስሌት አይደለም፤ ከዘመናት ልምድና ከብዙ ውድቀት ነው። ፍሪድሪክ ሉድቪግ ያን የተባለው ጀርመናዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1811 በበርሊን ከተማ ዳርቻ የስፖርት ሜዳ ከፍቶ ወጣቶችን በዘንጎች ላይ ማለማመድ ከጀመረ ወዲህ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አልፈዋል። አግዳሚው ዘንግና ትይዩዎቹ ዘንጎች እ.ኤ.አ. በ1896 በአቴና በተካሄደው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክም ውድድር ተደርጎባቸዋል። ያ ሁሉ ልምድ የደረሰበትን ውጤት ዛሬ በአሥራ አንደኛ ክፍል የፊዚክስ እውቀት በወረቀት ላይ ማረጋገጥ መቻሉ እኛን ሁልጊዜ ያስደስተናል።

ስለ ቃላት አንድ ነገር እንበል። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን በስያሜ አይስማሙም፤ አንዱ «ኃይል» ያለውን ሌላው «ጉልበት» ይለዋል። እኛ እዚህ በኒውተን የሚለካውን «ኃይል»፣ በጁል የሚለካውን «ኢነርጂ» እንላለን። አንድን አካል በአንድ ነጥብ ዙሪያ የማዞር አቅምን፣ ማለትም ኃይል በርቀት ሲባዛ የሚገኘውን፣ «ቶርክ» እንለዋለን። የሰውነት ክብደት ሁሉ እንደተከማቸበት የሚቆጠረው ነጥብ ደግሞ «የክብደት ማዕከል» ነው።

የተገለበጠው ፔንዱለም

በእጁ የቆመ ሰው የተገለበጠ ፔንዱለም ነው። የተንጠለጠለ ፔንዱለም ከቦታው ሲነቀነቅ የመሬት ስበት ወደ ቦታው ይመልሰዋል፤ የተገለበጠውን ግን ስበት ይበልጥ ያርቀዋል። ዱላ በመዳፉ ላይ አቁሞ የተጫወተ ልጅ ይህን ያውቃል። ረጅም ዱላ ማቆም ቀላል ነው፤ እርሳስ ማቆም ግን የማይቻል ያህል ይከብዳል። ምክንያቱ የመውደቂያው ጊዜ ነው። የአንድ ሜትር ተኩል ዱላ ዝንባሌ በየ0.22 ሰከንዱ በእጥፍ ሲያድግ፣ የእርሳስ ዝንባሌ በየ0.08 ሰከንዱ ይታጠፋል። የሰው ልጅ ያየውን ነገር በእጁ እንቅስቃሴ ለመመለስ 0.2 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጅበት፣ እርሳሱን ሊያድነው አይደርስም።

አሁን ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ግራም የሆነ ወጣት እንውሰድ። ይህን ወጣት እስከ ጽሑፉ መጨረሻ ይዘነው እንሄዳለን። ክንዶቹን ዘርግቶ በእጁ ሲቆም የክብደት ማዕከሉ ከመዳፎቹ በላይ 1.1 ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚህ ተነሥተን ስናሰላ የዝንባሌው መጠን በ0.26 ሰከንድ ያህል ጊዜ ውስጥ በእጥፍ ያድጋል። ይህ ከዱላው ጋር የሚቀራረብ፣ ሠልጥኖ ሊደረስበት የሚችል ጊዜ ነው። እንዲያውም በእጁ የሚቆም ሰው በዓይኑ ብቻ አይመራም፤ የእጅ አንጓና የመዳፍ ነርቮች ከዓይን ፈጥነው መልእክት ያደርሳሉ።

መዳፍና ዘንግ

ሚዛን ለመጠበቅ ጊዜ ብቻ አይበቃም፤ የሚያስተካክል ቶርክም ያስፈልጋል። ወጣታችን በወለል ላይ ሲቆም ይህን ቶርክ ከመዳፉ ያገኛል። ወደ ፊት ሲያዘነብል በጣቶቹ ጫፍ ወለሉን ይጫናል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብል ክብደቱን ወደ መዳፉ ሥር ይመልሳል። በዚህ መንገድ የሚደገፍበትን ነጥብ ከመካከለኛው ቦታ 8 ሳንቲ ሜትር ያህል ሊያንቀሳቅስ ቢችል፣ ክብደቱ 588 ኒውተን ስለሆነ 47 ኒውተን ሜትር የሚያህል ቶርክ ይኖረዋል። ይህ ቶርክ እስከ 4 ዲግሪ የሚደርስ ዝንባሌን ለማቆም ይበቃል።

የወንዶች አግዳሚ ዘንግ ውፍረት 28 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ክብ በመሆኑም ጣትን መጫን ወይም የመዳፍን ሥር መጫን ከዘንጉ መሐል ላይ የሚያስገኘው ርቀት የለም ማለት ይቻላል። የሚቀረው አንድ ነገር ዘንጉን ጨብጦ በሰበቃ አማካይነት ራስን ማዞር ነው። ሁለቱ እጆች በድምሩ 1,200 ኒውተን በሚያህል ኃይል ዘንጉን ቢጫኑና የሰበቃው መጠን 0.5 ነው ብንል፣ የሰበቃው ኃይል 600 ኒውተን ይሆናል። ይህን በዘንጉ ግማሽ ውፍረት፣ በ0.014 ሜትር ስናባዛው 8.4 ኒውተን ሜትር እናገኛለን። የሚያስተካክለው ዝንባሌም ከአንድ ዲግሪ በታች፣ 0.7 ዲግሪ ያህል ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ ተመለሰ። በወለል ላይ 4 ዲግሪ ስሕተት የሚፈቀድለት ተማሪ በዘንግ ላይ የሚፈቀድለት አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ዝንባሌው በየሩብ ሰከንዱ የሚታጠፍ ስለሆነ፣ ከ0.7 ዲግሪ ያለፈው ስሕተት ከአንድ ሰከንድ በኋላ ከ10 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ማለት በዘንግ ላይ ማንም አይቆምም ማለት አይደለም። በጠባብ ግንድ ላይ ወንዝ የሚሻገር ሰው ሲንገዳገድ ምን እንደሚያደርግ እናስታውስ፤ ወገቡን ወደ አንድ ወገን፣ እጆቹን ወደ ሌላው ይወረውራል። የላይኛው አካሉን በፍጥነት ሲያዞር ግንዱ እግሩን በአግድም ይገፋዋል፤ ያ ግፊትም የክብደት ማዕከሉን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። በዘንግ ላይ ያለውም ስፖርተኛ በትከሻውና በዳሌው ይህንኑ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ይህ ዘዴ የሰውነትን መስመር ስለሚያጥፍ ዳኞች ነጥብ ይቀንሱበታል። ስለዚህ በአግዳሚ ዘንግ ላይ የሚታየው በእጅ መቆም በአብዛኛው ለረጅም ጊዜ የሚያዝ ሳይሆን በትክክለኛው መስመርና በዝቅተኛ ፍጥነት የሚታለፍበት አቋም ነው።

ትይዩዎቹ ዘንጎች በወለሉና በአግዳሚው ዘንግ መካከል ይገኛሉ። በእነርሱ ላይ መዳፉ የሚያርፈው በዘንጉ ርዝመት አቅጣጫ፣ ፊትም የሚዞረው በዚያው አቅጣጫ ስለሆነ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚደረገው ማስተካከያ የመዳፉን ርዝመት ይጠቀማል። ወደ ጎን ደግሞ ሁለቱ እጆች የተራራቁ ናቸው። ወንዶች ልጆች ከአግዳሚው ዘንግ በፊት በትይዩዎቹ ዘንጎች ላይ፣ ከዚያም በፊት ከመሬት ጥቂት ብቻ ከፍ በሚሉ ትንንሽ መያዣዎች ላይ በእጅ መቆምን የሚለማመዱት በዚህ ምክንያት ነው።

የወለሉ ልምምድ

ጀማሪዎችን የሚያሰለቸው ክፍል ይህ ነው። ወጣቱ ወደ ዘንጉ መሄድ ይፈልጋል፤ አሠልጣኙ ግን በጀርባው አስተኝቶ፣ ወገቡን ከወለሉ ጋር አጣብቆ፣ ክንዶቹንና እግሮቹን በጥቂቱ አንሥቶ እንዲቆይ ያዘዋል። ሰውነቱ እንደ ታንኳ ስለሚጎብጥ ይህን ቅርጽ «ታንኳ» እንበለው። በሆድ ተኝቶ ክንድና እግርን የማንሣቱን ተቃራኒ ቅርጽ ደግሞ «ቀስት» እንለዋለን። በኋላ ሁለቱም ያስፈልጉናል።

የታንኳው ጥቅም የሆድን ጡንቻ ማጠንከር ብቻ እንዳይመስለን። ከላይ ያደረግነው ስሌት ሁሉ ሰውነቱ እንደ ዱላ ግትር ነው ብሎ የተነሣ ነው። ዳሌው የላላ ሰው ግን አንድ ዱላ ሳይሆን አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩ ሁለት ዱላዎች ነው፤ ትከሻውም ከላላ ሦስት ይሆናሉ። እያንዳንዱ ለየብቻው ይወድቃል፤ አጭር ስለሆነም ፈጥኖ ይወድቃል። ታንኳው ሦስቱን ዱላዎች አንድ ያደርጋቸዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ፊትን ወደ ግድግዳ አዙሮ በእጅ መቆም ነው። ብዙ ተማሪዎች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ይለማመዳሉ፤ እንደ እኛ አስተያየት ይህ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። ጀርባ ወደ ግድግዳ ሲሆን እግር ወደ ግድግዳው ስለሚደገፍ ወገብ ይለመጣል፤ የክብደት ማዕከሉም ከመዳፉ በላይ መሆኑ ይቀራል። ደረት ወደ ግድግዳ ሲሆን ግን ወገብ ለመለመጥ ቦታ ስለማያገኝ መስመሩ ቀጥ ይላል። በዚህ አቋም ትከሻን ወደ ጆሮ ገፍቶ ወለሉን «ማራቅ» ይለመዳል። ይህ ግፊት ሁለት ነገር ያደርጋል፤ የትከሻን መገጣጠሚያ ያግተረዋል፣ የክብደት ማዕከሉንም ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያደርገዋል።

ከዚሁ ጋር ሊለመድ የሚገባው መውደቅ ነው። በእጁ የቆመ ሰው ወደ ጀርባው ወገን ሲያልፍበት አንድ እጁን አንሥቶ ሩብ ዙር በመዞር በእግሩ እንዲያርፍ፣ ወይም አገጩን አስገብቶ እንዲንከባለል በወለል ላይ ደጋግሞ ሊለማመድ ይገባዋል። መውጫውን የማያውቅ ተማሪ ስሕተቱን በጀርባው ይከፍላል።

ከድጋፍ ወደ ላይ

አሁን ወደ ዘንጉ እንውጣ። መነሻው የፊት ድጋፍ ነው፤ ክንዶች ቀጥ ብለው ዘንጉን ይጫናሉ፣ ጭን ዘንጉን ይነካል። ከዚህ ተነሥቶ እግሮችን በዘንጉ ሥር ወደ ፊት ካወዛወዙ በኋላ በኃይል ወደ ኋላ በመምታት ሰውነትን ወደ እጅ መቆም ማድረስ በዘንግ ላይ ከሚሠሩት መሠረታዊ ክህሎቶች አንዱ ነው። በተለይ ለሴቶች ከፍና ዝቅ ባሉት ዘንጎች ላይ የሚሠራ ትርዒት ያለ እርሱ አይታሰብም።

የክብደት ማዕከሉ 1 ሜትር ያህል ከፍ ሊል ይገባዋል። ለዚህ 590 ጁል ገደማ ኢነርጂ ያስፈልጋል። ጀማሪው ይህን ሁሉ ከእግሩ ምት ለማግኘት ይሞክራል፤ ከዳር የቆመውም አብዛኛውን ጊዜ «ጠንክረህ ምታ!» ይለዋል። እስቲ እናስላ። በምት ብቻ 1 ሜትር ለመውጣት የክብደት ማዕከሉ በሰከንድ 4.4 ሜትር ፍጥነት ሊኖረው ይገባል። ምቱ በሰከንድ 2 ሜትር ፍጥነት ቢሰጠው ደግሞ የሚያወጣው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከፍታው የሚያድገው በፍጥነቱ ስኩዌር ስለሆነ ነው። እንግዲህ ምቱ የሚያስጀምር እንጂ የሚያደርስ አይደለም። ቀሪውን መንገድ የሚሸፍነው የትከሻ ግፊት ነው፤ ይህም ግፊት ትክክለኛ ቦታ ላይ ካልተደረገ ከንቱ ይሆናል።

ቦታው የት እንደሆነ እንመልከት። ሰውነቱ አግድም ሲሆን የክብደት ማዕከሉ ከትከሻው ወደ እግር አቅጣጫ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ይርቃል። ትከሻው በቀጥታ ከዘንጉ በላይ ከሆነ የክብደት ማዕከሉ ከዘንጉ ኋላ 45 ሳንቲ ሜትር ርቆ ተቀመጠ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ስበት 265 ኒውተን ሜትር በሚያህል ቶርክ ሰውነቱን ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ቀደም ሲል ያሰላነው የጭብጥ ሰበቃ 8 ኒውተን ሜትር መሆኑን እናስታውስ። ጀማሪው ሆዱን ከዘንጉ ጋር የሚያጋጨው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው ትከሻን ከዘንጉ አሳልፎ ወደ ፊት ማዘንበል ነው። በእንቅስቃሴ ላይ ስለሆንን ሙሉውን 45 ሳንቲ ሜትር ማዘንበል አያስፈልግም፤ ቀድሞ የተገኘው የዙረት ፍጥነት ጉድለቱን ለአፍታ ይሸከማል። ሳይንቀሳቀሱ በዚያ አቋም ለመቆየት ግን ሙሉው ርቀት ግድ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ላለው ክንድ ይህ ወደ 49 ዲግሪ ማዘንበል ማለት ስለሆነ የሚችሉት በጣም ጥቂቶች ናቸው።

እግሮቹ ከአግድም በላይ ከፍ እያሉ ሲሄዱ የሚፈለገው ማዘንበል ይቀንሳል። ሰውነቱ 45 ዲግሪ ሲደርስ 32፣ 70 ዲግሪ ሲደርስ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቀጥ ሲል ዜሮ ነው። ስለዚህ ትከሻው አስቀድሞ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ዘንጉ ይመለሳል። ጀማሪው ተቃራኒውን ያደርጋል፤ መውደቅን ስለሚፈራ መጀመሪያ ላይ ትከሻውን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ በመጨረሻ እግሩ ከፍ ሲል ደግሞ ደንግጦ ያዘነብላል። ለእኛ የዚህ ክህሎት እውነተኛ ፈተና ይህ ነው፤ ፍርሃት የሚያዘው ፊዚክስ ከሚያዘው ጋር ይጋጫል።

ልምምዶቹ በሙሉ ይህን ግጭት ለመፍታት የተቀየሱ ናቸው። አንደኛው በወለል ላይ ባሉ ዝቅተኛ መያዣዎች የሚደረግ ነው፤ እግር በወለሉ ላይ እንዳለ፣ ክንድ ቀጥ ብሎ፣ ትከሻን ከእጅ አሳልፎ ማዘንበልና መመለስ። ከዚያ እግር በሳጥን ላይ ይደረጋል፤ ዳሌው ከፍ ሲል ክንድ የሚሸከመው ድርሻ ያድጋል። ሁለተኛው በጀርባ ተኝቶ ቀላል ክብደት ያለውን ዱላ በሁለት እጅ ይዞ፣ ክንድ ሳያጥፉ ከጭን እስከ ጭንቅላት በላይ ማመላለስ ነው። ለተመልካች ከዘንግ ጋር ግንኙነት ያለው አይመስልም፤ ሆኖም በሰውነትና በክንድ መካከል ያለው ማዕዘን የሚከፈትበት ሁኔታ ያው ነው። ልዩነቱ በአንዱ ሰውነት፣ በሌላው ክንድ መንቀሳቀሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛው በዝቅተኛ ዘንግ ላይ፣ ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎ፣ ረዳት በአጠገብ ቆሞ የሚደረግ ነው። መጀመሪያ እስከ አግድም ብቻ ይመታል፤ ወደ ዘንጉም ሳይጋጭ ይመለሳል። ይህ ያለ ረዳት ደጋግሞ ካልተሳካ ከፍታ መጨመር አይገባም። ቀጥሎ እግርን ከፍቶ መምታት ይመጣል። እግሮች የሰውነትን ክብደት ሲሶ ያህል ይይዛሉ፤ እያንዳንዱ እግር ወደ ጎን 45 ዲግሪ ሲከፈት የክብደት ማዕከሉ ወደ ትከሻ 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ይጠጋል። ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን መዞርን የሚቃወመው ኢነርሺያ በርቀቱ ስኩዌር ስለሚወሰን፣ የእግሮቹ ድርሻ በሩብ ያህል ይቀንሳል። እግርን ገጥሞ መድረስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ዥዋዥዌውና ሙሉው ዙር

ወደ እጅ መቆም የሚደረስበት ሌላው መንገድ ከታች በመወዛወዝ ነው። ስፖርተኛው በእጁ ከቆመበት ወድቆ፣ በዘንጉ ሥር አልፎ፣ በሌላው ወገን ተመልሶ ወደ እጅ መቆም ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1976 በሞንትሪያል ኦሎምፒክ ናዲያ ኮማኔች 10 ነጥብ ባገኘችበት ጊዜ የሴቶቹ ሁለት ዘንጎች ተቀራርበው ይተከሉ ስለነበር፣ በላይኛው ዘንግ ላይ ተዘርግቶ ለመዞር በቂ ቦታ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ርቀቱ በመስፋቱ ሙሉው ዙር ለሴቶችም የተለመደ ሆኗል።

አደጋው የሚጠብቀው ከታች ነው። ወጣታችን በተለያየ ከፍታ ቢወዛወዝ፣ በዘንጉ ሥር ሲያልፍ እጁ የሚሸከመው ምን ያህል ነው? ከተንጠለጠለበት መስመር 45 ዲግሪ ከፍ ብሎ ቢለቀቅ የክብደቱን 1.5 እጥፍ፣ ከአግድም ቢለቀቅ 2.7 እጥፍ፣ ከእጅ መቆም ቢለቀቅ ደግሞ 4.3 እጥፍ ይሸከማል። የመጨረሻው ከ2,500 ኒውተን በላይ ነው፤ 258 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነገር በእጁ እንደ ማንጠልጠል ይቆጠራል። ስለዚህ የመወዛወዙ ከፍታ በሳምንታትና በወራት የሚጨመር እንጂ በአንድ ከሰዓት የሚሞከር አይደለም። በግቢ ውስጥ በተተከለ፣ ምሰሶው በሚነቃነቅ ወይም ብረቱ በዛገ ዘንግ ላይ ይህን መሞከር ፈጽሞ የማይገባ መሆኑን ከቁጥሩ መረዳት ይቻላል።

አሠልጣኞች ለዚህ ያዘጋጁት መፍትሔ የእጅ ማሰሪያ ነው። ለስላሳ ሽፋን በተደረገበት ዘንግ ላይ የጨርቅ ቀለበት አጥልቀው፣ የተማሪውን የእጅ አንጓ በቀለበቱ ያስሩታል። የእጁ ጭብጥ ቢላላ እንኳ ከዘንጉ አይለይም። ተማሪው ፍርሃቱን ትቶ በቅርጹ ላይ የሚያተኩረው በዚህ ጊዜ ነው።

ቅርጹስ ለምን ያስፈልጋል? ግትር ሆኖ ከእጅ መቆም የወደቀ አካል፣ ሰበቃና የአየር ግፊት ባይኖሩ ኖሮ ወደ ተነሣበት ከፍታ በተመለሰ ነበር። ሁለቱም ስላሉ ግን ሳይደርስ ይቀራል። የጎደለውን ኢነርጂ መሙላት የሚቻለው ሕፃናት በዥዋዥዌ ላይ በሚያደርጉት ዘዴ ነው። ስፖርተኛው ሲወርድ ሰውነቱን ይዘረጋል፤ ወደ ታችኛው ነጥብ ሲቃረብ የ«ቀስት»ን ቅርጽ ይይዛል፤ ታችኛውን ነጥብ ሲያልፍ እግሮቹን ወደ ፊት መትቶ ወደ «ታንኳ» ይለወጣል። በዚህ ለውጥ የክብደት ማዕከሉ ወደ ዘንጉ ይጠጋል። በዚያ ቅጽበት የሚስበው ኃይል የክብደቱ 4 እጥፍ ስለሆነ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ መጠጋት 120 ጁል ያህል ሥራ ያስገኛል። ከታች እስከ ላይ ለመውጣት የሚያስፈልገው 1,300 ጁል ገደማ በመሆኑ፣ ከዚህ አንድ አሥረኛው የሚጠጋው በዚያች ቅጽበት ይሞላል። ይኸው ምት ከዘገየና ሰውነቱ ወደ አግድም ከወጣ በኋላ ቢደረግ፣ የሚስበው ኃይል ስለሚያንስ ሥራውም ያንሳል። የወለሉ ታንኳና ቀስት እዚህ ላይ ትርጉም ያገኛሉ።

በውጭ አገር በትምህርት ላይ በነበርንበት ጊዜ በአንድ ጂምናዚየም ያየነው አሠልጣኝ ተማሪዎቹን ለወራት ያለማምዳቸው የነበረው ይህንኑ ምት፣ ከአግድም በታች በሆነ ውዝዋዜ ብቻ ነበር። ተማሪዎቹ ወደ ላይ ለመውጣት ቢጣደፉም፣ ምቱ በትክክለኛው ቅጽበት ካልሆነ ከፍታ አይፈቅድላቸውም ነበር። በኋላ ስሌቱን ስንሠራ ትክክል መሆኑን አየን።

የእጅ አያያዝ አቅጣጫም አንድ ሕግ አለው፤ አውራ ጣት የሚመራበት አቅጣጫ የመዞሪያው አቅጣጫ መሆን አለበት። በተቃራኒው ሲሆን የዘንጉ ሰበቃ የጣቶቹን ጫፍ ወደ መፍታት ይገፋል፤ 2,500 ኒውተን በሚስብበት ቅጽበት ይህ ምን እንደሚያስከትል ግልጽ ነው። የማግኒዥየም ካርቦኔት ዱቄት ላብን ስለሚያደርቅ ይረዳል፤ የተሳሳተ አያያዝን ግን አያርምም።

በስልክ የሚሠራ መለኪያ

ዛሬ ብዙ የእጅ ስልኮች በሰከንድ 120 ወይም 240 ምስል ይቀርጻሉ። ይህ ለአንድ የፊዚክስ ክፍል በቂ ላቦራቶሪ ነው። የሠለጠነ ስፖርተኛ ሙሉ ዙር ሲሠራ ከጎን፣ ስልኩን በዘንጉ ከፍታ አቁመን ብንቀርጽ፣ ታችኛውን ነጥብ ሲያልፍ በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ስንት ዲግሪ እንደዞረ በማዕዘን መለኪያ ማንበብ እንችላለን። የእኛ ስሌት 31 ዲግሪ ያህል ይላል። ቀረጻው ከዚህ ያነሰ ካሳየ ልዩነቱ የሰበቃውን ድርሻ ይነግረናል፤ የበለጠ ካሳየ ደግሞ ስፖርተኛው ሲጀምር ፍጥነት ነበረው ወይም ሰውነቱን አጥፏል ማለት ነው። ከዘንጉ ድጋፍ ተነሥቶ ወደ እጅ መቆም ሲወጣም እንዲሁ፣ በየምስሉ ትከሻው ከዘንጉ ስንት ሳንቲ ሜትር እንዳለፈ መዝግቦ በግራፍ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል። የጥሩ ስፖርተኛ ግራፍ ቀድሞ ወጥቶ በለስላሳ መስመር ወደ ዜሮ ይመለሳል። የጀማሪው ግራፍ ምን እንደሚመስል አንባቢ አስቀድሞ ሥሎ ከቀረጻው ጋር ያነጻጽር።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለቤት ሥራ እንተዋለን። ስመ ጥር የጂምናስቲክ ስፖርተኞች በአብዛኛው አጫጭር ናቸው። ወጣታችን በሁሉም አቅጣጫ በ10 በመቶ ቢያድግ ክብደቱ በ1.33 እጥፍ፣ በአግድም አቋም ትከሻው ላይ የሚያርፈው ቶርክ ግን በ1.46 እጥፍ ያድጋል። የጡንቻ ኃይል የሚወሰነው በጡንቻው ስፋት ስለሆነ በ1.21 እጥፍ ብቻ ይጨምራል። ጡንቻው አጥንቱን የሚስብበት ርቀትም በ10 በመቶ ስለሚያድግ፣ ትከሻው ሊያወጣው የሚችለው ቶርክ 1.33 እጥፍ ይሆናል። በሙሉው ዙር ውስጥ በታችኛው ነጥብ ያገኘነው 4.3 እጥፍ የሚለው ቁጥርስ ከቁመት ጋር ይለወጣል ወይስ አይለወጥም? የአንባቢ ስሌት ከእኛው ጋር የሚገጥም ከሆነ ቁጥሩ አይለወጥም፤ የሚለወጠው ያን ክብደት የሚሸከመው የጣት ጥንካሬ ነው።